የነጩ ክኒን መንገድ

ምናለ ጎሕ ሳይቀድ ዋሻው እገባለሁ ብሎ ነበር ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ የተነሣው። ምን ያደርጋል፣ ዳገቱን አጋምሶ ሳይጨርስ ንጋቱ ቀደመው። የቀረውን መንገድ የሄደው በደረቱ ነው። በአንድ እጁ የፋሻና የአዮዲን ከረጢቱን ይጎትታል፣ በሌላው የቁጥቋጦ ሥር እየጨበጠ ወደ ላይ ይሳባል። ከፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ ከትናንት ወዲያ የተካበው የጣልያን ምሽግ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከድንጋዩ ካብ መካከል የመትረየሱ አፈሙዝ ብቅ ብሏል። አንድ ጠጠር ተንከባሎ ቢወርድ ወይም አንዲት ቆቅ ደንግጣ ብትነሣ ለምናለ አለቀለት ማለት ነው።

የዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ የምንሽር አፈሙዝ ግንባሩ ላይ ተደቀነ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ምናለ።»

«የጣልያኑ አሽከር? እኔማ ቀረ ብዬ ነበር።»

ተናጋሪው አንሙት ነው፣ የግራዝማች ዘማርያም ጋሻ ጃግሬ። ምናለን እንደሰው አይቆጥረውም። እንዲህ የሆነበትም ምክንያት አለው። ምናለ አራት ዓመት ሙሉ ደብረ ማርቆስ ላይ በጣልያን ጦር ሕክምና ቤት አስታማሚ ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ፣ ከድቶ ወደ አርበኞቹ ከገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። አንሙት ደግሞ አንድ ጊዜ የከዳ ሰው ሁለተኛ አያቅተውም ባይ ነው። ጌታው ቢሞት ማንን በጥይት እንደሚል ከወዲሁ ቆርጧል፣ ይህንንም ለምናለ ፊት ለፊት ነግሮታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጊዜው የ1933 ዓመተ ምሕረት መጋቢት ነው፣ ጾሙ ዐቢይ ጾም፣ ጦርነቱም ወደ ማለቂያው። ግራዝማች ዘማርያም ሰዎቹን ይዞ ወደ ከተማው ሲገሠግሥ የጎን ውጋት ያዘው። ውጋቱ ሳንባው ላይ ወረደ፤ ዝገት የመሰለ አክታ ይተፋ ጀመር፣ ትኩሳቱም ያቃዠው ገባ። ጦሩ ለምክትሉ ተሰጠና ወደፊት ሄደ። ግራዝማች ግን ከሚስቱ ከወይዘሮ የብርጓል፣ ከንስሐ አባቱ ከአባ ገብረ ኪዳን፣ ከአንሙትና ከአንዲት በቅሎ ጋር እዚህ ዋሻ ውስጥ ቀረ፤ ምናለም እንዲያስታምመው ተተወ። ሁለት ቀን ሰንብቶ ይሻለዋል ተብሎ ነበር። ጣልያኖቹ መጥተው ፊት ለፊት ያለውን ኮረብታ ያዙና በሩን ዘጉባቸው። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ከዋሻው አፍ ራሱን ያወጣ ሰው የለም።

ወይዘሮ የብርጓል ምናለን ስታይ ፊቷ በራ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ናት። ከባሏ ኋላ አምስት የበረሃ ክረምት ያሳለፈች፣ ስንቅ ተሸክማ ጥይት ያቀበለች ሴት ናት። የምናለን የኪስ ሰዓት አንገቷ ላይ በክር አንጠልጥላዋለች።

«አንድ ሰዓት አላሳለፍኩም» አለች። «በየአራት ሰዓቱ ሁለት ሁለት። ሌሊቱን ዐይኔን አልከደንኩም። በል ግንባራቸውን ዳስስ።»

ምናለ ተንበረከከና ዳሰሰ። ለሳምንት እንደ ፍም ሲያቃጥል የሰነበተው ግንባር ቀዝቅዟል። ትንፋሹም ረዝሟል፣ ያ በየሁለት ቃሉ የሚቆራርጠው ሳልም ረግቧል። ክኒኑ ሠርቷል። ምናለ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ዕንባው መጣ። ግን ዕንባውን ሳይጠርግ ግራዝማች ተገላበጠና አቃሰተ። እጁ የሄደው ወደ ጎኑ አይደለም፣ ወደ ወገቡ ነው።

«ወገቤን ይላሉ?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ። ሁለት ጊዜም አስመልሷቸዋል።»

«ሽንታቸውስ?»

«ከመንፈቀ ሌሊት ወዲህ ጠብታ ናት» አለች የብርጓል በእርጋታ። «ቀልቷል። አትደንግጪ ብለኸኝ ሄደሃልና አልደነገጥኩም።»

ምናለ ክው አለ።

ብሏል፣ እውነቷን ነው። ትናንት ገና ሳይነጋ ሸለቆው ውስጥ የቆሰሉ ሰዎችን እንዲያክም ተጠርቶ በጥድፊያ ሲወጣ፣ ክኒኑንና ሰዓቱን እጇ ላይ አስቀምጦ አፉን ሞልቶ የተናገረው ይህንኑ ነበር። «ሽንታቸው ቢቀላ አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ነው የሚወጣው።» ለመሆኑ ይህን ከየት አመጣው? ከጣልያኖቹ ሕክምና ቤት ነው።

እዚያ የነበረው ክኒን ቀይ ነበር። እንደ ጡብ ቀይ። ካፒታኑ ሐኪም ቁስሉ ላመረቀዘ፣ ደሙ ለተመረዘ ወታደር ሁሉ ይሰጠው ነበር። ቀለሙም ሄዶ ሄዶ የት እንደሚደርስ ራሱ ይናገራል። ከተዋጠ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ሽንቱ ይቀላል። ሁለት ሦስት ቀን የዋጠ ሰው የፊቱ ቆዳ ወደ ቀይ ያደላል፣ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ሳይቀር ቀለም ይይዛል። «ተመልከት ሚናሌ» ይለው ነበር ካፒታኑ። «ሆድ ገባ፣ ደም ውስጥ ገባ፣ ደም የሚደርስበት ሁሉ ደረሰ፣ አሁን ደግሞ እየወጣ ነው።» ምናለ የዚያን ክኒን መንገድ በዐይኑ ሲከተል ስለኖረ፣ መድኃኒት ሁሉ እንዲሁ ዱካውን እያሳየ የሚሄድ መስሎት ነበር።

የግራዝማች ክኒን ግን ነጭ ነው። ከሱዳን በኩል በግመል ከመጣው የእንግሊዝ መድኃኒት ውስጥ ተለምኖ የተገኘ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ፣ አንባቢ የለ። ምናለ የላቲን ፊደል እየቆጠረ ሲያነብ «ሱልፋ» የሚል ቃል አገኘና የቀዩ ወንድም መሆኑን ዐወቀ። ማወቁስ ትክክል ነበር። የሳተው ሌላ ነገር ነው። ነጭ ክኒን ሽንት አያቀላም። ሽንት የሚያቀላ ሌላ ነገር ካለ ደም ነው።

«ሽንታቸውን አስቀምጠሻል እሜቴ?»

አላፈሰሰችውም ነበር። ማታ የመጣችውን ጥቂት ሽንት ባዶ የአዮዲን ጠርሙስ ውስጥ አኑራለታለች። ምናለ ጠርሙሱን ወደ ዋሻው አፍ ይዞ ሄደና ብርሃን ላይ አዘነበለው። ሥሩ ላይ ቀይ አተላ ተኝቷል። አተላው ውስጥ ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። በጣቱ ነካው፣ በጥፍሮቹ መካከል አሸው፤ ይቆረቁራል። ክኒኑ ነው። በኩላሊት በኩል ሊወጣ ሲል ውሃ አጥሮት ድርቅ ብሎ የቀረ ክኒን።

«ውሃ ስንት ጠጡ?» ሲል ጠየቀ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«ውሃ?» የብርጓል ግራ ተጋባች። «መድኃኒት ላይ ናቸው እኮ። ምን ውሃ አለና?»

«ጭራሽ አልጠጡም?»

«ክኒኗን መዋጫ አንድ አንድ ጉንጭ ሰጥቻለሁ። ከዚያ በላይማ መድኃኒቱን ያከሽፈዋል። ኮሶ ያጠጣሁት ሰው የለኝም መሰለህ? እናቴ ያሳየችኝን ነው ያደረግኩት። በባዶ ሆድ ሰጠኋቸው፣ ፀሐይ እንዳያገኛቸው ውስጥ አስተኛኋቸው፣ ሰው እንዳያያቸው ጋረድኳቸው። እስኪወጣላቸው ደግሞ አፋቸውን ከውሃ ጠበቅኩ። ሲለምኑኝ እንኳ አንጀቴን አሥሬ ነው የከለከልኳቸው።»

ምናለ እንስራውን ብድግ አደረገው። ባዶ ነው። «እዚህ ውስጥ ግማሽ ውሃ ነበር።»

«ለበቅሎዋ ሰጠኋታ። በጥም ብታናፋ ታስፈጀን የለ?»

አባ ገብረ ኪዳን ከጥጉ ሆነው ዳዊታቸውን አጠፉ። የብርጓል የምናለን ፊት አየችና ቀስ በቀስ የእሷም ፊት ከል መሰለ።

«ምን አድርጌ ነው?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ምናለ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። ምን ብሎ ይቆጣታል? ሲወጣ ስለ ውሃ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። በሕክምና ቤቱ ከየአልጋው ራስጌ ሁልጊዜ ሙሉ ማሰሮ ነበረ፤ የምትሞላው ሌላ ሴት ስለነበረች ውሃው የመድኃኒቱ ግማሽ መሆኑ ልቡ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

«ኮሶ ሥራው ሆድ ውስጥ ነው እሜቴ» አላት። «ሆድ ገብቶ፣ ትሉን ይዞ፣ በዚያው በሆድ ይወጣል። ይሄ ግን ሆድ ለእሱ መተላለፊያ ነው። ሆድ ውስጥ ሟሙቶ ወደ ደም ይገባል፣ ደም ተሸክሞ ሳንባቸው ድረስ ይወስደዋል፤ እዚያ ነው የሚዋጋላቸው። ከዚያ ኩላሊታቸው ከደም ያጠራና በሽንት ያስወጣዋል። አሞሌ ጨው በብዙ ውሃ ሲሟሟ አይተሽ የለ? በማንኪያ ውሃ ግን አይሟሟም፤ ደለል ሆኖ ይቀመጣል። እንደዚያው ነው የሆነው። የሽንታቸው መንገድ በአሸዋ እየተደፈነ ነው።»

«ከተደፈነስ?» አለ አንሙት ከኋላ።

ምናለ እንስራውን አስቀመጠና በዋሻው አፍ ወደ ታች ተመለከተ።

ውሃ ማለት ከዋሻው በታች ስድሳ እርምጃ ላይ ያለችው ምንጭ ናት። መትረየሱ በቀጥታ የሚያያት ገላጣ ሜዳ ላይ ናት። እስካሁን ውሃ ሲቀዱ የነበሩት በሌሊት ነው፤ ትናንት ሌሊት ግን ጣልያኖቹ ሰማዩን በሮኬት መብራት ሲያበሩት ስላደሩ አንሙት ሊወርድ አልቻለም። ሰዓቱ አሁን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። እስኪመሽ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ አለ። ምናለ የግራዝማችን ሆድ ከእምብርቱ በታች ተጫነው፤ ፊኛው ባዶ ነው። ሽንት የታገደው እታች ሳይሆን ገና እላይ ነው ማለት ነው። ይህ ሰው እስኪመሽ አይቆይም፣ ቢቆይም ኩላሊቱ አይቆይም።

«እወርዳለሁ» አለ።

አንሙት ሣቀ፣ ደስ የማይል ሣቅ። «የት? ምንጩ ጋ ወይስ ጌቶችህ ጋ?»

«ስማኝ አንሙት። ምሽጉ ውስጥ ያሉትን ዐውቃቸዋለሁ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥሩምባ ይነፋል፣ ምሳ ይታደላል። ያኔ መትረየሱን የያዘው ይወርድና ሌላው ይተካዋል። በሁለቱ መካከል አፍታ የምታህል ጊዜ አለች፣ ካቡ ላይ ማንም የለም።»

«ይህን ሁሉ እያወቅህ እስካሁን ዝም ብለሃል?»

«ያኔ ውሃ ነበራ።»

የሚያሳምን መልስ አልነበረም፣ አንሙትም አላመነውም። ግን ሌላ ምርጫ አላገኘም። እንዲህ ሆነና እስከ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ብቻ ቀረ።

አቤት ያ ጥበቃ። ዋሻው ጠባብ ነው፤ ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምበትም። በቅሎዋ እግር ስትቀይር ሁሉም ይሸማቀቃሉ። ግራዝማች አንዴ ይባንናል፣ አንዴ ይሰምጣል። ሲባንን ከንፈሩን እያላሰ «የብሬ፣ ውሃ» ይላል፣ የብርጓልም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ምናለ በዋሻው አፍ ፀሐይ ያጋላቸውን ድንጋዮች በብትር እየሳበ አስገባ፣ በጨርቅ ጠቀለላቸውና የበሽተኛውን ወገብ አስደገፋቸው፤ እሳት ማንደድ እንደሆነ አይታሰብም።

አራት ሰዓት ሲሞላ የብርጓል አንገቷ ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ቆርቆሮውን አነሣች።

«አሁን አይሆንም» አለ ምናለ። «ይቆይ።»

«ሰዓቱ ሞልቷል እኮ። ለአራት ሰዓት ብቻ ነው ደማቸው ውስጥ የሚቆየው ብለኸኝ የለ? ትኩሳቱ ቢመለስስ?»

«ሊመለስ ይችላል።»

«እና ስጣቸዋ።»

«ውሃ ሳይኖር ብሰጣቸው አሸዋው ላይ አሸዋ መጨመር ነው።»

የምንሽሩ ማንገቻ ብረት ሲንኳኳ ሁለቱም ዞሩ። አንሙት ተነሥቶ ነበር። «ትናንት ስጪ አልክ፣ ዛሬ ከለከልክ» አለ። «እስኪ ንገረኝ፣ በየትኛው ነው ጌታዬን ልትገድለው ያሰብከው?»

አባ ገብረ ኪዳን በመካከላቸው ገቡ። «ተቀመጥ አንሙት። ዋሻው ለጸብ አይበቃም።» ወደ ምናለም ዞረው «አንተም ልጄ ልብህን ሰብስብ። ውሃው ሲመጣ ስለ ጾሙ እንዳትጨነቅ፤ ድውይ ጾም የለበትም፣ እኔ ፈትቼዋለሁ። ብቻ ይምጣ» አሉ።

ጥሩምባው ሲነፋ ምናለ ስልቻውን ወገቡ ላይ አሥሮ በዋሻው አፍ ተኝቶ ነበር። አንሙት አጠገቡ ተንበርክኮ ምንሽሩን አቀባበለ።

«ከምንጩ አንዲት እርምጃ ብታልፍ ጀርባህ ላይ ነው የማሳርፍልህ» አለው።

«ዐውቃለሁ» አለ ምናለ።

ካቡ ላይ የነበረው ራስ ጠፋ። ምናለ ወጣ። አባ ገብረ ኪዳን ከውስጥ «አቡነ ዘበሰማያት» ማለት ጀመሩ፤ ጊዜውን በጸሎት ሊለኩለት ተስማምተዋል፤ ሰባት ጊዜ ሲደገም መመለስ አለበት። በደረቱም በጉልበቱም እየሆነ ወረደ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ሜዳው ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ከፊቱ ጣልያን፣ ከኋላው አንሙት። ጀርባው ላይ፣ ልክ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል፣ አንድ ቦታ በላብ ተጠመቀ።

ምንጯ ዘንድ ደረሰ። የመጋቢት ምንጭ ነው፤ ውሃዋ ክር አክላ ነው የምትወርደው። ስልቻውን አፉን ከፍቶ ደቀነ። እስኪሞላ መጠበቅ ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ጸሎቱ ከላይ እዚህ ድረስ አይሰማም፣ በልቡ ግን ይቆጥራል፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ስልቻው ሲሦ ሆነ። ሰባት። ግማሽ አልሆነም። አሁን ከተመለሰ በሰላም ይገባል፣ ግን ያ ውሃ ለአንድ ሰዓት እንኳ አይበቃም። ምናለ ተቀመጠ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። ስልቻው ሲከብደው አፉን አሠረና ተነሣ።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ መትረየሱ ተንጣጣ። አፈሩ ግራ ቀኙን ቦነነ። ምናለ ክረምት የቆፈረው ቦይ ውስጥ ወደቀና ስልቻውን ከሆዱ ሥር አስገባው። ተኩሱ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ ቆመ። ቦዩ ጥልቀቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ቢንቀሳቀስ ያዩታል፣ ባይንቀሳቀስ የሞተ ይመስላቸዋል። የሞተ መሰለ።

እንዲህ ሆኖ ከአንድ ሰዓት በላይ ተኛ። ዝንብ ዐይኑ ላይ ሲያርፍ አላባረረም። ከትናንት ጀምሮ ውሃ በአፉ አልዞረም፤ ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቋል። የስልቻው አፍ ደግሞ አገጩ ሥር ነው፣ ክሩን በጥርሱ ቢስበው ይበቃል። ምነው አንድ ጉንጭ ብቻ፣ አለው ሆዱ። ግራዝማች ውሃ ሲለምን የሰማው ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ፤ ክሩን አልነካውም። ይልቁን ጣት በጣት፣ ስንዝር በስንዝር፣ ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። በምሽጉ ያሉት ሬሳ ሲንፏቀቅ አላዩም። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ እጅ ከዋሻው አፍ ወጣና አንገትጌውን ይዞ ጎተተው። አንሙት ነበር። ጎትቶ አስገባው፣ ስልቻውንም ተቀበለው።

ከዚያ በዋንጫ ማጠጣት ሆነ። የብርጓል የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ እያደረገች አንቆረቆረችለት። የመጀመሪያውን ዋንጫ አስመለሰው። ምናለ «ጥቂት ጥቂት» አለ፤ ሁለተኛው ረጋ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከዚያ እንደገና ጥበቃ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ምንም የለም። ዐሥር ሰዓት፣ ምንም የለም። ምናለ በየደቂቃው ከእምብርቱ በታች ይዳስሳል። የሚያቃስተው በሽተኛው ይሁን እሱ ራሱ ማወቅ አቅቶት ነበር።

ዐሥር ተኩል ላይ ግራዝማች ጮኸ፤ አባ ገብረ ኪዳን አፉን በእጃቸው አፈኑት። ምናለ ቅሉን ደቀነለት። መጀመሪያ ሁለት ጠብታ ደም መጣ። ከዚያ በጣር፣ ከአሸዋው ጋር፣ የደፈረሰ ሽንት መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፏ ብሎ ወረደ። ቀላ ያለ ነበር፣ ቀጥሎ የሻይ መልክ ያዘ፣ ቀጥሎ ነጣ። ምናለ ቅሉን እንደያዘ መሬት ላይ ዘፍ አለ። አባ ገብረ ኪዳን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ተመስገን» አሉ።

ሕመሙ ሲለቀው የግራዝማች አእምሮም ተመለሰ። በቀስታ ቀና አለና ግድግዳውን ተደገፈ።

«ውሃ እየለመንኩ ነበር» አለ። «ማነው የከለከለኝ?»

የብርጓል ነጠላዋን አደገደገችና ከእግሩ ሥር ተንበረከከች። «እኔ ነኝ ጌታዬ። ኮሶ መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ቀይ ቢሆን አትደንግጪ ስለመባሏ አንዲት ቃል አልወጣትም። ምናለ ቀና ብሎ አያት፤ እሷ አላየችውም። የሰማቸው ሰው የለም፤ ትናንት ያን ሲነግራት አንሙት ዘብ ላይ፣ አባም እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ዝም ቢል በዚሁ ያልፋል። ባል ሚስቱን ይቅር ይላል፣ ቀላል ነገር ነው። አንሙት ግን እሱን ይቅር አይለውም። ምሽግ ከፊት፣ ምንሽር ከኋላ፤ ምናለ ሜዳው ላይ ተኝቶ የነበረውን ያህል አሁንም እንደታጠረ ነው።

«ውሸት ነው ጌታዬ» አለ።

የብርጓል «ተው» አለችው በሹክሹክታ።

«ውሃ እንድትሰጥዎ አልነገርኳትም። ደም ሲሸኑ ደግሞ ያየችው ማታ ነው፤ ያኔውኑ ውሃ ቢያገኙ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዝም ያለችው ቢቀላ መድኃኒቱ ነው፣ አትደንግጪ ስላልኳት ነው። ክኒኑን ሳላውቀው ዐውቀዋለሁ አልኩ። ሊገድልዎ የነበረው የእኔ ቃል ነው።»

አንሙት እጁን ምንሽሩ ላይ አሳረፈ። ግራዝማች ሳያየው መዳፉን አነሣ፣ ተወው እንደማለት፤ ዐይኑን ከምናለ ላይ አልነቀለም።

«አሁንስ ታውቀዋለህ?»

«የማውቀውን ልንገርዎ። ከሆድዎ ወደ ደምዎ ይገባል። ሳንባዎን እንዳገኘው ትኩሳትዎ መብረዱ ይመሰክራል። ከደምዎ ደግሞ ቶሎ ይወጣል፣ በየአራት ሰዓቱ የምንደግመው ለዚህ ነው። ሲወጣ ውሃ ካገኘ ሟሙቶ ይወጣል፣ ውሃ ካጣ ይደድራል። ይህን የተማርኩት ዛሬ ነው፣ በእርስዎ ገላ ላይ።»

«የማታውቀውስ?»

«ኩላሊትዎ ምን ያህል እንደተጎዳ አላውቅም። የቀረው ክኒን ሳንባዎን ጨርሶ ይፈውስ እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ሳልሰጥዎ አሳልፌያለሁ፤ አሁንም ብተወው ውጋቱ ይመለሳል ብዬ እፈራለሁ። ብሰጥዎ ሽንትዎ እንደገና ይዘጋል ብዬ እፈራለሁ። የትኛው እንደሚሻል ልምልልዎ አልችልም።»

በዋሻው አፍ የሚገባው ብርሃን እየደበዘዘ ነበር።

«ይህን ትናንት ብትለኝ» አለ ግራዝማች፣ «አልውጠውም ነበር። ዛሬ ግን አላውቅም ማለትህን ሰምቻለሁ፤ አምጣ።»

መዳፉንም ዘረጋ። ምናለ ከቆርቆሮው ሁለት ፍሬ ቆጥሮ አስቀመጠለት። ግራዝማች ዋጣቸው፣ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ጢሙ እየራሰ እስከ አተላው ጠጣና ባዶውን ለሚስቱ አቀበላት።

«ድገሚኝ» አላት።